ወፉን ሲያዩት ይንገሩኝ ላልሽኝ

ይድረስ ለይታይሽ፣ ለስንዱ እናት፣ ወፍ ባየሽ ቁጥር እሳት ላይ የጣድሽውን ለምትረሺው ለኔይቱ ሴት።

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ይባላል። እኔም እንደ ሰው እንዲሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሳነበው አፈርኩና ሰረዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ፍታት ሳደርስ የኖርኩ ቄስ፣ የሞተ ሰው ጤናው እንደማይጠየቅ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እጄ ለምዶ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ደህና አይደለሁም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ባለሽበት ትጨነቂያለሽ። እንግዲህ መካከሉን አንቺው ፈልጊው። ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አልፏል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሄድሽ፤ ይኸው ዘንድሮም መስቀል አለፈ።

የቤቱን ልንገርሽ። የማጀቱ ጣራ ማፍሰሱን ትቷል፤ ወንድምሽ ክረምት ሳይገባ መጥቶ ከደነው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ስንዱ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ጣራ ላይ ወርውራለች፤ አሁን ስትናገር ቃሉ በክፍተቱ ያመልጣታል። ያ የግብር ግርግር ከበረደ ወዲህ መንገዱ ሰላም ነው፤ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚመላለሰው አውቶብስም ከወንዙ ማዶ፣ ጎዳናው ላይ ሰው ይጭናል። እናትሽ ፍኖተ ሰላምን እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ ወጀት ነው የሚሏት። ወንዙ ላይ ደግሞ አገሬው ተባብሮ የእንጨት ድልድይ ሠራበት። ሰው ሁሉ ይመርቃል፤ እኔም አብሬ መርቄያለሁ። በላዩ ስሄድ ግን ያን ክረምት የት ነበርክ እለዋለሁ፣ እንጨቱን።

ጳጉሜ ስትገባ በኛ ቤት የሚደረገውን መቼም አትረሺውም። አገር ጠበል ወርዶ ሲመለስ እኛ ዋንዛው ሥር ተቀምጠን የዓመቱን ወፎች እናነሳለን፤ አንቺ ያየሻቸውን፣ እኔ ያየኋቸውን። ከዚያ የዓመቱን ወፍ መምረጥ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ተስማምተን አናውቅም። እኔ ሰማይ የሚሞላ ንስር ይዤ ስመጣ አንቺ ከእፍኝ የማትሞላ ነገር ይዘሽ ትሟገቺኛለሽ። ዘንድሮም ወግ አይቅር ብዬ ዋንዛው ሥር ተቀመጥኩ። ለብቻው የሚሟገት ሰው እብድ ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ ያን ስም ቀደም ብዬ አግኝቼዋለሁ፤ እንዴት እንዳገኘሁት ኋላ እነግርሻለሁ። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

የመስቀል ወፍ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ቀድሞ ያየ ሰው በአፉ አይናገርም። አደይ አበባ ይቀጥፍና፣ እኔ ከሆንኩ በእንስራሽ አፍ ላይ፣ አንቺ ከሆንሽ በዳዊቴ ቅጠሎች መካከል ያስቀምጣል። የተሸነፈው ለአንድ ቀን የአሸናፊውን ሥራ ይሠራል። አንቺ ስትሸነፊ መቋሚያዬን ቅቤ ቀብተሽ መወልወል ነው፤ ምን ችግር አለው። እኔ ስሸነፍ ግን ውሃ መቅዳት። ወንድ፣ ያውም ቄስ፣ እንስራ አዝሎ ከምንጭ ሲወጣ በጎጃም ምድር ማን አይቶ ያውቃል?

የተሸነፍኩ ዕለት ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ጠብቄ፣ እንስራውን በጋቢ ሸፍኜ ወረድኩ። ለካ ለሴቶቹ ሁሉ ነግረሻቸው ኖሮ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ሳቃቸው ደጀ ሰላሙ ድረስ ተሰማ። ጋቢው ተንሸራቶ፣ ውሃው በጀርባዬ ወርዶ ቀሚሴን አርሶት ቤት ስገባ አንቺ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። ተቆጥቼ ራት አልበላም አልኩ። አቅርበሽልኝ ሳልነካው አደረ። ዛሬ ያን ራት የሚያቀርብልኝ ባገኝ ምን ነበረበት።

ሌላም የማያልቅ ክርክር ነበረን። አገሬው የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ በዓሉን አክብሮ ይመለሳል ይላል፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማውቀው። አንቺ ግን የትም አይሄድም ትይኛለሽ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አጥራችን ላይ ከድንቢጦቹ ጋር ነው፤ ያን ቀይና ጥቁር ልብሱን አውልቆ ተራ ልብስ ስለሚለብስ አናውቀውም እንጂ ትያለሽ። እኔም ወፍ ደግሞ የክት ልብስ አላት ወይ እያልኩ አሾፍብሽ ነበር።

በመጨረሻው ክረምታችን ከብር ሸለቆ፣ ከእህትሽ ቤት ስትመለሽ ንዳድ ይዞሽ ገባሽ። በሦስተኛው ቀን ዓይንሽ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በቃሬዛ ተሸክመንሽ ሐኪም ቤት እናድርስሽ ብለን ወጣን። ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ዳር ላይ አሳረፍንሽ፤ ዝናቡ እንዳይመታሽ ጋቢዬን በላይሽ ዘርግቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ዓይንሽን ገልጠሽ በወንዙ ዳር ያለውን ሸንበቆ ስታዪ ቆየሽና እንዲህ አልሽኝ፦

«ዘንድሮስ ዓይኔ ደክሟል። ወፉን ሲያዩት ይንገሩኝ።»

እሺ አልኩሽ። ውሃው ጎደል ሲል ተሻገርን፤ ጎዳናው ላይ ሳንደርስ ዝም አልሽ። ፍታትሽን ባልንጀሮቼ አደረሱልሽ። እኔ ቃሉን ሁሉ በቃሌ እያወቅሁት፣ አፌ እንቢ ብሎኝ ከለቀስተኛው ጋር ቆምኩ።

ከቀበርንሽ በኋላ መስከረም ሳይጋመስ ወፉን አየሁት። አጥራችን ላይ፣ ቀይ ደረቱን ነፍቶ። ሰውነቴ ለምዶ ኖሮ ሳላስበው አደይ ቀጥፌ ማጀት ገባሁ። እንስራሽን እናትሽ አጥበው ደፍተውታል። አፉ ወደ መሬት ነው፤ አበባውን የማደርግበት ጠፋኝ። መቃብርሽ ላይ ላኑረው አልኩና፣ ሕጉ እንስራ ይላል እንጂ መቃብር አይልም ብዬ ተውኩት። ኪሴ ውስጥ ደረቀ። እንድነግርሽ አደራ ብለሽኝ ሳልነግርሽ ዓመት ሞላ፣ ይታይሽ።

እብድ የተባልኩት ደግሞ በአርባሽ ነው። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ካህናቱ ተሰብስበው፣ እናትሽ ያን የሚያህል ድፎ ዳቦ ከነመሶቡ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው፣ የኔታ ጸሎት ሊያሳርጉ ሲሉ ያ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራ ከዝግባው ወረደ። ዘሎም አልመጣ፤ እንደ ተጠራ እንግዳ ረጋ ብሎ ተራምዶ፣ መሶቡን ዞሮ ተመልክቶ፣ ከዳር የተቆረሰውን ትቶ ትልቁን ቁራሽ በዚያ በወፍራም አፉ ይዞ ሄደ። እናትሽ ነጠላቸውን ይዘው ሲሮጡ ዳቦውን እንደያዘ ዞር ብሎ አያቸው። ሳቅሁ። ልያዘው ብል አልያዝ አለኝ። ያ ቁራ በየሰንበቱ ፍርፋሪ የምታስቀምጪለት ቁራ ነው፤ ለአርባሽ ከሱ በላይ ማን ሊጠራ ነበር? ይህን ለሰው እንዴት አስረዳለሁ። እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ፤ ሰው ያየው ግን ሳቁን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ አልተለየኝም። ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ በቁርባን ያገባ ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ አያገባም። ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። የኔታ፣ ከልጅነቴ ያስተማሩኝ አባት፣ ቆብ ጫንና ገዳም ግባ፣ ስንዱ ቡሬ ከአያቷ፣ ከእናትሽ ዘንድ ትደግ አሉኝ። እናትሽ ደግሞ፣ ልጃቸው ሞታባቸው፣ ራሳቸው መጥተው አግባ አሉኝ። ቅስናው ይቅር፣ ለልጅቱ እናት ያስፈልጋታል አሉ። ይህን ሲሉኝ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሁለቱም የሚሉት ለኔ ብለው ነው፤ ስለዚህም መቆጣት አልቻልኩም። ሁለቱንም አይሆንም፣ ልጄን ይዤ በቤቴ እኖራለሁ ባልኩ ቁጥር እናትሽ አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው።

«አባ፣ ውሃውን ማን ይቀዳልዎታል?»

ውሃ የምትቀዳልን ጎረቤት ናት፤ አንድ ቀን እንደሚሰለቻት እኔም አውቃለሁ። በመጨረሻ እስከ ሙት ዓመትሽ እንታገሥሃለን፣ ለመስቀል ግን ቁርጡን ንገረን አሉና ቀን ሰጡኝ።

በታኅሣሥ ስንዱን ይዤ ከጅጋ ገበያ ስመለስ፣ ከረግረጉ አጠገብ ባለው የጤፍ ቆረን፣ አጨዳው ባለቀበት ማሳ ላይ እነዚያን ረጃጅሞቹን ወፎች አገኘናቸው፤ ራሳቸው ላይ ወርቅ ዘውድ የደፉትን። ሁለቱ ከመንጋው ወጣ ብለው ይጨፍራሉ። አንዱ ክንፉን ዘርግቶ እጅ ይነሳል፣ ሌላዋ ብድግ ትላለች፣ ደግሞ ይዞራሉ። ስንዱ የያዘችውን ጨው መሬት ጣለችና ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ እንደነሱ መዝለል ጀመረች። ሳቀች፣ ይታይሽ። ካንቺ በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ በድንገት ቆም አለችና መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ፊቴን አየችው። ይህን የምታደርግ ልጅ እንድትሆን ያደረግናት እኛ ነን፤ ቤቱን ሙሉ ጥቁር አልብሰን። ጋቢዬን ዘርግቼ እኔም ዘለልኩ። አንድ ገበሬ ሞፈሩን ተሸክሞ ቆሞ ያየን ነበር፤ ማን ምን እንዳለ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም።

በመጋቢት ደግሞ ማር መሪዋ ወፍ ጠራችኝ። ከደኑ ዳር ቀርቀሃ ስቆርጥ ፊቴ መጥታ ተንጫጫች፣ ራቅ ብላ አረፈች፣ ደግሞ ተመለሰች። ተከተልኳት። ብሳናው ሆድ ውስጥ ማሩን አገኘሁ፤ አጭሼ ቆረጥኩና ደስ ብሎኝ ወደ ቤት አመራሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የወፏን ድርሻ አላስቀመጥኩም። ቀርቀሃውን ጥዬ ተመለስኩ። እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ሆና ትጠብቃለች። አንድ እጭ ያለበትን ሰፈፍ ድንጋይ ላይ አኖርኩላትና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወርዳ መብላት ስትጀምር እንደ ልጅ አለቀስኩ። የማንም ድርሻ እንዳይረሳ የምታስታውሰኝ ሴት ከቤቴ ጎድላ፣ ይህን ሁሉ ብቻዬን ማስታወሴን እንዴት ልልመደው?

አሁን ወደ ዓመቱ ወፍ ልምጣ። ሙት ዓመትሽ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከዝናብ በኋላ የመቃብርሽን ሣር ላርም ወጣሁ። ድንቢጦቹ በሣሩ ጫፍ ላይ ይወዛወዛሉ። አንዷ ግን ዓይኔን ያዘችኝ። ጀርባዋ እንደ ሌሎቹ አፈር መልክ ነው፤ አንገቷ ሥር ግን ቀይ ላባ እዚህም እዚያም ፈንድቷል፣ ሆዷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ታመመች ወይ ብዬ ቀረብ አልኩ። አልሸሸም። አዎ፣ አልሸሸም፤ እሱ ነዋ። አንዱን እጅጌ አጥልቆ ሌላውን ሳያጠልቅ የያዝነው ሰው ይመስላል። የመስቀል ወፍ ነው፣ ልብሱን ሲለውጥ።

እርጥብ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበር። ኪዳን ስሄድ፣ ከሰርክ ስመለስ፣ በአጠገቡ አልፌ አላወቅሁትም። አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ እኔ የሳቅሁብሽ ሁሉ ወደኔው ተመለሰ። ዘንድሮ የዓመቱ ወፍ እሱ ነው። ያለ ክርክር ተሸንፌልሻለሁ። እሰይ ብለሽ እጅሽን ስታጨበጭቢ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ፤ ዝናቡ ብቻ እንደገና ጀመረ።

አደይ ገና አልፈነዳም ነበርና የምቀጥፈው አላገኘሁም። ለማንም አልተናገርኩም።

መስቀል ደረሰ። ሌሊቱን በማኅሌት አድሬ፣ ቅዳሴ ወጥቼ ቤት ስገባ የኔታና እናትሽ፣ ሽማግሌዎቹም ቀድመው ተቀምጠዋል። ቁርጡን ሊሰሙ ነው። ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር። ጊዜ ለመግዛት ብዬ ዳዊቴን አነሳሁ፤ ቆመን አንድ መዝሙር እንድገም አልኳቸው። ስከፍተው ከመካከሉ አደይ አበባ ወደቀ። ተቀጥፎ አይደለም፤ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ተነቅሎ ነው። ቅጠሉን ሁሉ ጭቃ አድርጎታል።

ቀና ስል ስንዱ ከምሰሶው ጀርባ ሆና በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። ሕጉን አልነገርኳትም። ለካ አንቺ አበባውን ስታስቀምጪ ተኝታለች የምንላት ልጅ ታይ ኖሯል።

ዳዊቱን አጠፍኩ። ማጀት ገብቼ እንስራሽን አነሳሁ፤ ከተደፋበት የሸረሪት ድር አድርቶበታል። ማዘያውን ደረቴ ላይ አሰርኩና በሽማግሌዎቹ ፊት አልፌ ወጣሁ። ጋቢ አልደረብኩም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ መንደሩ በሙሉ ለመስቀል ደጅ ተቀምጧል። ምንጭ ወረድኩ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ያኔ ከሳቁት አንዷ እንስራውን ደግፋ ጀርባዬ ላይ አስተካከለችልኝ። ዳገቱን ስወጣ ወገቤ ተቆረጠ፤ እንዲህ እንደሚከብድ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።

ቤት ስደርስ ሁሉም ደጅ ወጥተው ቆመዋል። እንስራውን እናትሽ እግር ሥር አሳረፍኩና እንዲህ አልኳቸው፦

«እማማ፣ ውሃችንን እኔ እቀዳለሁ።»

እናትሽ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ከውሃው ጠጡ። የኔታ ግን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና፣ ቆቡን እዚሁ እጭንልሃለሁ፣ ገዳም ወደ አንተ መጥቷል አሉኝ። ስንዱ ጥርሷ በወለቀበት በኩል ትስቅ ነበር። ይህን ሳቅ ስትስቅ ፊቴን አላየችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቆብ እጭናለሁ። ሌላ ሴት ወደዚህ ቤት አትገባም፤ ስንዱም ከዚህ ቤት አትወጣም። ወጥ አሳርራለሁ፣ አውቀዋለሁ፤ አንቺም ታሳርሪ ነበርና ልጅቱ ለምዳዋለች። ሌሊት ሌሊት ግን እጄ በአልጋው በኩል ይፈልግሻል፤ ይህን ቆብም አያስተወኝም። ጳጉሜ በመጣች ቁጥር ከስንዱ ጋር ዋንዛው ሥር እንቀመጣለን፤ እኔ ያንቺን ወገን ይዤ እሟገታለሁ፣ እፍኝ የማይሞሉትን እየመረጥኩ። ስምሽን በቅዳሴ አነሳለሁ፤ ቁራውንም ፍርፋሪውን አልነፍገውም።

ስንዱ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ በኛ መካከል ይቅር። ዘንድሮ ወፉን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ያሸነፈችው ግን እሷ ናት፤ እስከ ዕለተ ሞቴም እንደዚያው ነው። ሕጉ በአፍ አይነገርም ይላል እንጂ በብዕር አይነገርም አይልም።

ሲያዩት ይንገሩኝ ብለሽኝ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ይታይሽ። የትም አልሄደም።

ባልሽ